ከሐዋሳ እስከ ቱርካና፦ ውጭ አገር የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ለምትቀላቀሉ፣ ከቤት እስከ መጀመሪያዋ ካሬ

ሐዋሳ ያደገ ሰው፣ ጣሪያው ላይ ጀሪካንና ድንኳን የጫነ ላንድክሩዘር ወደ ደቡብ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይቷል። ገሚሱ ቱሪስት ነው። ገሚሱ ግን ወደ ኮንሶ ወይም ወደ ኦሞ የሚወርድ የቁፋሮ ቡድን ነው። እኛ ሁልጊዜ ተቀባዮች ነን። እንግዳው መጥቶ መሬታችንን ሲረግጥ፣ ማን ሰላምታ እንደሰጠና ማን ሳይጠይቅ ፎቶ እንዳነሳ እናስታውሳለን።

ሰሞኑን ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ አንዷ የታሪክ ሌላው የጂኦሎጂ ተማሪ፣ ኬንያ ውስጥ ቱርካና ሐይቅ ዳር ቁፋሮ ለመቀላቀል እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «እንዴት ነው የሚኬደው?» አሉኝ። ቁፋሮውን እዚያ ያስተምሯችኋል። ከቤት ወጥቶ እዚያ እስኪደረስ ያለውን ግን የሚያስተምር የለም። አብዛኛው ችግር ደግሞ የሚፈጠረው እዚያ መሃል ነው። ስለዚህ ይህን ለእነሱ ጻፍኩ፤ ለእናንተም ይሆናል።

ለምን ቱርካና?

ለሐዋሳ ልጅ ከሁሉም የቀረበ የውጭ አገር ቁፋሮ ነው። በመንገድም በታሪክም ይቀርባል። ወደ ቱርካና ሐይቅ ከሚገባው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ ወንዝ የሚመጣ ነው። የሐይቁ የቁፋሮ ታሪክም የሚጀምረው ከእኛው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኬንያዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሪቻርድ ሊኪ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዓለም አቀፍ ቡድን አባል ነበር። ኪቢሽ ላይ ዛሬ ኦሞ 1 የሚባለው የሰው ቅሪተ አካል የተገኘው ያኔ ነው። ሊኪ በዚያው ሰሞን በአውሮፕላን ሲያልፍ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ አየ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1968፣ ኩቢ ፎራ በሚባለው ቦታ ሥራ ጀመረ።

ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛው የኮንሶው ነው። ዮናስ በየነ፣ ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው ኮንሶ ላይ ያጠኑት ከድንጋይ የተሠራ የእጅ መጥረቢያ ወደ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ከቱርካና ምዕራብ ኮኪሰለይ ላይ የተገኘው ተመሳሳይ መሣሪያ ደግሞ 1.76 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው ማለት ይቻላል። እዚያ ስትደርሱ «ከየት ነህ?» ሲሏችሁ «ከሐዋሳ፣ ከኮንሶ ወደዚህ» ማለት ወሬ ያስጀምራል።

ሁለተኛው ኩቢ ፎራ ላይ ያለው ኬ.ቢ.ኤስ. የሚባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ጉዳይ ነው። ይህ አመድ መጀመሪያ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1972 በርናርድ ንጌኔዮ ያገኘው፣ በመዝገብ ቁጥሩ 1470 የሚባለው ታዋቂ የራስ ቅልም ከአመዱ በታች ስለተገኘ ከዚያ በላይ ያረጀ ተደርጎ ተቆጠረ። ነገሩን ያጠራጠረው የአሳማ ጥርስ ነው። ኦሞ ላይ በዕድሜ ቅደም ተከተል የተለቀሙት የአሳማ ቅሪተ አካላት ከኩቢ ፎራዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ፣ አመዱ ከተባለው በጣም ወጣት መሆኑን አሳዩ። ዛሬ 1.87 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው የሚባለው። ይህን ታሪክ በደንብ ከያዛችሁ፣ እያንዳንዱ ጥርስ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ መጻፍ ለምን የሞት ሽረት ጉዳይ እንደሆነ ማንም ሊያስረዳችሁ አይገባም።

መጀመሪያ፦ ቡድኑን መርምሩ

ተማሪ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ። የኩቢ ፎራ የመስክ ትምህርት ቤት የቆየ ነው፤ ከኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ጋር ይሠራል። የቱርካና ተፋሰስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ኢለረትና ቱርክዌል ላይ ቋሚ ካምፖች አሉት፤ እሱም የመስክ ትምህርት ይሰጣል። ክፍያው ለእኛ ተማሪ ከባድ ነው። ስለዚህ ገና ስታመለክቱ «ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የክፍያ ድጋፍ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ብሎ የሚሰጥ የለም፤ የጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ ያገኛል። ሊኪ ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅትም በዚህ ዘርፍ ለሚማሩ ከታዳጊ አገሮች ለመጡ ተማሪዎች ድጋፍ ይሰጣል።

ከዚያ እነዚህን ጠይቁ። የቁፋሮ ፈቃዱ በማን ስም ነው? የተገኘው ነገር የት ይቀመጣል? ሰው ቢታመም በምን ይወጣል? መልሱ አጭርና ግልጽ ከሆነ ጥሩ ነው። ስለ ፈቃዱ ስትጠይቁ የሚያድበሰብስ ቡድን ካጋጠማችሁ ተዉት። ያለ ፈቃድ የሚቆፍር ሰው የትም አገር ሌባ ነው። እናንተም አብራችሁ ትጠየቃላችሁ።

ወረቀት፦ እዚህ ጊዜ ስጡ

ፓስፖርት። የማብቂያ ቀኑ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ካነሰ ዕድሳት ጀምሩ፤ ከጉዞው 3 ወር ቀድሞ መጀመር ነው የሚሻለው።

ስም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የውጭ ፎርም ግን «የቤተሰብ ስም» እያለ ያፋጥጣችኋል። አንዱ ፎርም ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ስትጽፉ፣ በወረቀት ላይ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። ፓስፖርቱ ላይ በየትኛው መስመር ምን እንደተጻፈ እዩና ቲኬቱም፣ ግብዣውም፣ ኢንሹራንሱም ላይ እንደዚያው አስጽፉ። የእንግሊዝኛ ሆሄያቱም አንድ ይሁኑ። አንድ ጊዜ «ገብረ» ሌላ ጊዜ «ገብሬ» ብላችሁ አታስጽፉ።

ቀን። ይህ እኔን ራሴን ሊያስቀረኝ ነበር። ቡድኑ «ጁላይ 3 ናይሮቢ ተገኝ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ጁላይን ሐምሌ ብዬ ተረጎምኩና ሐምሌ 3 ብዬ ያዝኩ። ጁላይ 3 ማለት ግን ሰኔ 26 ነው። ጓደኛዬ ባያየው ኖሮ መኪናው ከሄደ 7 ቀን በኋላ እደርስ ነበር። ከቡድኑ የሚመጣውን ቀን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንዳለ ያዙት። ወደ እኛ መቀየር ካስፈለገ ለቤተሰብ ስትናገሩ ብቻ ቀይሩ። የልደት ቀናችሁንም ከፓስፖርቱ ቅዱ። የቀበሌ መታወቂያና የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ያለው የእኛ አቆጣጠር ነው፤ አትቀላቅሉት።

የግብዣ ደብዳቤ። ኬንያ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም። በኢንተርኔት ቀድሞ የሚሞላው የጉዞ ፈቃድ ደንብ ግን ባለፉት ዓመታት ተለዋውጧል። ስለዚህ ከወሬ ሳይሆን ከኤምባሲው፣ በምትሄዱበት ወር፣ የዚያን ሰሞን ደንብ ጠይቁ። ቪዛ አለመጠየቁ ደግሞ መቆፈር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የምርምር ፈቃዱን የሚያወጣው ቡድኑ ነው። ከእነሱ የምትፈልጉት ስማችሁ እንደ ፓስፖርቱ የተጻፈበት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩ፣ የት እንደምታርፉ፣ የፈቃዱን ቁጥርና የተቀባያችሁን ስልክ የያዘ ደብዳቤ ነው። በወረቀት አሳትማችሁ ያዙ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ድንበር ላይ ደግሞ ኔትወርክ እንደፈለገው ነው።

ቢጫ ካርድ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ኬንያ ስትገቡ የክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ። ክትባቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሁሉም ጤና ተቋም አይሰጠውም፤ የሚሰጥበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያው ሳላችሁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁንም አስታውሱ፤ አፈርና ሹል ነገር ውስጥ ልትውሉ ነውና። ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። «እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ወባ ለምዶኛል» የሚል ሰው አውቃለሁ። ወባ አይለመድም።

ኢንሹራንስ። ካምፑ ከትልቅ ሆስፒታል በጣም ሩቅ ነው። ናይሮቢ ያለው የአምሬፍ የአየር አምቡላንስ አገልግሎት ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው የሚጠራው። ቡድኑ ሽፋን ገዝቶላችሁ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ገንዘብ

ባንክ ሄዳችሁ ፓስፖርትና ቲኬት አሳይታችሁ ዶላር ግዙ። ደረሰኙን አትጣሉ። ብር ይዞ መውጣት ገደብ ስላለው ለመንገድ የሚበቃችሁን ብቻ ያዙ። ኬንያ ውስጥ ሁሉም ነገር በኤምፔሳ ነው፤ በፓስፖርት ሲም ካርድ አውጥታችሁ ኤምፔሳ መክፈት ትችላላችሁ። አገር ቤት የሳፋሪኮም መስመር ቢኖራችሁም የእዚያው ሌላ ነው፤ አዲስ ሲም ያስፈልጋችኋል።

ሻንጣ

ከሁሉም በፊት ፌስታል አውጡ። ኬንያ ፌስታልን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 መጨረሻ ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። እናት ደግሞ ዳቦ ቆሎውንም፣ ሽሮውንም፣ ጫማውንም በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትሰጠው። በጨርቅ ከረጢት ወይም በክዳን ዕቃ ገልብጡት። እማማን አታስቀይሙ፤ ፌስታሉን ብቻ ቤት ተዉት።

ልብስ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት አየር እንዳለ ስለሚረሳ ነው። ናይሮቢ ከፍታዋ ከሐዋሳ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የብርዷ ወር ነው። ሹራብ ያስፈልጋል። ቱርካና ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል 360 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱን ቆዳችሁ ወዲያው ያውቀዋል። እጅጌው ረጅም፣ ሳሳ ያለ የጥጥ ሸሚዝ ያዙ። ባርኔጣው ሰፊና አገጭ ላይ የሚታሰር ይሁን፤ የቱርካና ነፋስ ያልታሰረ ነገር አይምርም። ነፋሱ ከኃይሉ የተነሳ ሎያንጋላኒ አካባቢ 365 ተርባይን ተተክሎበት መብራት ያመነጫሉ።

ጫማ የተዘጋና የተለማመዳችሁት ይሁን። አዲስ ጫማ ይዞ መሄድ ተረከዝን ለ2 ሳምንት መሸጥ ነው። የጉልበት መከለያ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ 2 የውሃ ኮዳ፣ ኦአርኤስ፣ እርሳስና መቅረጫ ያዙ። እስክሪብቶ አይበቃም፤ ቀለም ላብና ውሃ ሲነካው ይፈስሳል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። የኬንያ ሶኬት ባለ 3 አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። የእኛ መሰኪያ አይገባበትም፤ አስማሚ ግዙ።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ነገር። ድንጋይ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ለማወዳደር ብላችሁም፣ ለስጦታም፣ ለመታሰቢያም ብላችሁ። ባልጩት በየመንገዱ የምናየው ተራ ነገር ይመስለናል። ሰው እጅ የነካው ባልጩት ግን ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ስትመለሱም ያው ነው። የኬንያም ሕግ እንደዚሁ ይከለክላል። ለቡድኑ ስጦታ ከፈለጋችሁ ተቆልቶ የተፈጨ፣ በፋብሪካ የታሸገ የሲዳማ ቡና ውሰዱ። ጥሬ ቡና የዕፅዋት ወረቀት ያስፈልገዋል፤ አትንኩት።

በየብስ ወይስ በአየር?

ከሐዋሳ ስትነሱ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው አዲስ አበባ ወጥቶ በአውሮፕላን ናይሮቢ መውረድ ነው፤ በረራው 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛው በዲላ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ መሻገር ነው። ሐዋሳ ለሞያሌ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አስፋልት ነው።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱና ገንዘብ ያላችሁ ከሆነ ብረሩ። ደክሞ ካምፕ መግባት መጥፎ ጅማሬ ነው። ገንዘብ ካጠረ ወይም መንገዱን ማየት ከፈለጋችሁ ግን የየብሱ መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። በዲላ በኩል ስታልፉ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች አገር ነው የምታቋርጡት። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

በየብስ ከሆነ ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮቹን ጠይቁ። የመንገዱን ደኅንነት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ዛሬ አትሂዱ» ካሉ አትሂዱ። በአንድ ቀን ሞያሌ እንደርሳለን ብላችሁ አትጣደፉ፤ ያቤሎ ማደር ነውር የለውም። ድንበሩ ጋ በብርሃን ድረሱ።

ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር መኮንኖች በአንድ ግቢ ነው የሚሠሩት። ማኅተሙ ግን 2 ነው። አንዱ ከኢትዮጵያ የወጣችሁበት፣ ሌላው ኬንያ የገባችሁበት። ሁለቱም መመታታቸውን ቆማችሁ በዓይናችሁ እዩ። አንዱ ከጎደለ ስትመለሱ ጣጣ ነው። «ለምን መጣህ?» ሲባል እውነቱን በአጭሩ ተናገሩ፦ «የመስክ ትምህርት፣ ደብዳቤው ይኸው።» ፎቶ አታንሱ። ሻንጣ እንሸከም፣ ማኅተም እናስመታ፣ ብር እንመንዝር የሚሉ ልጆች ይከቧችኋል። ፓስፖርታችሁን ከመኮንኑ በስተቀር ለማንም አትስጡ።

ድንበሩን እንደተሻገራችሁ መኪናው ሁሉ በግራ ነው የሚነዳው። መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ቀላል ይመስላል፤ ሰውነታችን ግን ዕድሜ ልኩን የለመደው ሌላውን ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ቆም ብላችሁ ሁለቱንም ጎን እዩ።

አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ አለ። ሞያሌና ማርሳቢት ኦሮምኛ የሚናገር ቦረና ብዙ ነው። ኦሮምኛ የምትችሉ ቤታችሁ ያላችሁ ያህል ይሰማችኋል።

ማርሳቢት ከሞያሌ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ከናይሮቢ ወደ ካምፑ የሚሄድ መኪና አንዳንዴ በማርሳቢት በኩል ያልፋል። ስለዚህ «ማርሳቢት ላይ ልትቀበሉኝ ትችላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቻሉ ናይሮቢ ወርዶ ተመልሶ መውጣቱን፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ታተርፋላችሁ። ካልቻሉ ግን ብቻችሁን ወደ ሐይቁ አትሞክሩት። ከማርሳቢት ወዲያ ያለው የቻልቢ በረሃ ነው።

ናይሮቢ፦ ሰዓታችሁን አስተካክሉ

የሰዓት ልዩነት የለም። አቆጣጠሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስዋሂሊ እንደ እኛው ነው የሚቆጥረው። ጠዋት 1 ሰዓት የምንለውን እነሱም «ሳ ሞጃ» ይሉታል፤ አንደኛው ሰዓት ማለት ነው። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ችግሩ ያው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲቀየር 7 ነው የሚለው። ስለዚህ ሾፌሩ «ነገ በ12» ካለ በየትኛው ቋንቋ እንዳለው አጣሩ። በስዋሂሊ ከሆነ ንጋት ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ እኩለ ቀን ነው። አጣርታችሁ ስትጨርሱ በስልክ ጽፋችሁ ላኩለትና «አዎ» ይበላችሁ።

ግማሽ ቀን ካላችሁ ብሔራዊ ሙዚየሙን እዩ። ካሞያ ኪሜዩ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሐይቁ ምዕራብ ናሪዮኮቶሜ ላይ ያገኘውን የልጅ አፅም ታሪክ እዚያ ታገኛላችሁ። ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ ዘመን እንደዚህ የተሟላ አፅም ብርቅ ነው። ካሞያ የተማረው በመስክ ነው። ዓይኑ ግን ብዙ ምሁር ያላየውን አይቷል። እናንተም ካምፕ ስትደርሱ ከፕሮፌሰሩ ይልቅ ከአካባቢው የመስክ ሠራተኛ ጎን መራመድ ምረጡ። አፈርን ማንበብ የሚያስተምራችሁ እሱ ነው።

ከናይሮቢ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ደውሉ። «ከነገ ጀምሮ ላልደውል እችላለሁ፤ ዝምታው ችግር አይደለም» በሉ። ለአንድ ሰው የቡድኑን የአደጋ ጊዜ ስልክ ስጡ። እናት ልጇ ለ10 ቀን ካልደወለ ምን እንደምታስብ እናውቃለን።

ካምፕ መድረስ

መኪናው ሲደርስ አቧራችሁን ሳታራግፉ ሁሉንም ሰው ሰላም በሉ። ምግብ አብሳዩን፣ ሾፌሩን፣ ዘበኛውን። ስም ያዙ። ኢለረት አካባቢ የሚኖሩት ዳሰነቾች ናቸው። ዳሰነች እኛም ጋ፣ ደቡብ ኦሞ ውስጥ አሉ። አንድ ሕዝብ ነው፣ ድንበሩ መሃሉን ያልፋል። እንግዳ ናችሁ፤ ግን ከሩቅ እንደመጣው ፈረንጅ አይደላችሁም። ሽማግሌ ሲገጥማችሁ «ምዜ» በሉ። «ሀባሪ»፣ «አሳንቴ»፣ «ማጂ» ማለትን ልመዱ፤ እንዴት ነህ፣ አመሰግናለሁ፣ ውሃ ማለት ናቸው። ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠይቁ። እኛ ስንጠየቅ ደስ እንደሚለን ሁሉ።

ድንበሩ ቅርብ ነው። «አገሬ ነው፣ ደርሼ ልምጣ» ብላችሁ በእግር አትውጡ። በግጦሽና በውሃ የተነሳ ግጭት የሚፈጠርበት አካባቢ ነው፤ የት መሄድ እንደሚቻል የሚወስነው የካምፑ ኃላፊ ነው። ሐይቁ ውስጥም አትግቡ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ልጅ ሆናችሁ ስትዋኙ ያደጋችሁ ብትሆኑም፣ ቱርካና ላይ አዞው ብዙ ነው። ውሃው መውጫ ስለሌለው ጨዋማ ነው፤ ለመጠጥ ካምፑ የሚሰጣችሁን ብቻ ጠጡ።

ድንኳን ስትተክሉ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁና በሩን በተቃራኒው አድርጉ። ካስማውን እስከ አንገቱ ቅበሩ፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ድንጋዩን ግን ከየት እንደምታነሱ አስፈቅዱ። በዚህ አገር ተራ ድንጋይ የሚመስለው የአንድ ሰው እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ማታ ጫማ ድንኳን ውስጥ አስገቡ፤ ጠዋት ደግሞ ሳታራግፉ እግራችሁን አትክተቱ። ጊንጥ ጫማ ይወዳል።

ጾም። የቁፋሮው ወቅት ከሰኔ ጾምና ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ምግብ አብሳዩ ይህን አያውቅም፤ ገና ከሐዋሳ ሳትነሱ ለቡድኑ ጻፉ። የኬንያ ምግብ ለጾመኛ አያስቸግርም። ኡጋሊ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው፣ ጊዘሪ የቦሎቄና የበቆሎ ንፍሮ ነው። ሻይ ግን በወተት ነው የሚፈላው፤ «ቻይ ያ ራንጊ» በሉ፣ ጥቁር ሻይ ይሰጧችኋል። እስከ ምሳ ሳይበሉ መዋል ለለመዳችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ምግቡ ይቆይ፤ ውሃው ግን በዚያ ሙቀት አይቆይም። ስለ ውሃው ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንድ ተማሪ ከቀትር በፊት ወድቆ አይቻለሁ፤ ቡድኑ በሙሉ ሥራ አቆመ።

የመጀመሪያው ቀን

ሥራ የሚጀመረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይቆማል። መጀመሪያ ቀን መቆፈሪያ ላይሰጧችሁ ይችላሉ። ቅኝት ይሆናል፤ ተሰልፎ፣ አንገት ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ መራመድ። የሆነ ነገር ስታዩ እጃችሁን ወደ ኪስ ክተቱ። አታንሱት። ባንዲራ ትከሉና ኃላፊውን ጥሩ። ከቦታው የተነሳ አጥንት ዝም ያለ ምስክር ነው፤ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅለትም። የአሳማ ጥርሶቹን አስታውሱ። ክርክሩን የፈቱት ንብርብራቸው ተጽፎ ስለነበር ነው።

ቁፋሮው ላይ ስትመደቡ 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ይሰጣችኋል። ጥጎቹ ላይ ሚስማር፣ ዙሪያው ሲባጎ። ግንበኛ ያየ ሰው ዕቃው እንግዳ አይሆንበትም፤ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሜትር፣ ባልዲ። መቆፈሪያው የግንበኛ ማንኪያ የመሰለ ትንሽ ብረት ነው፤ ትራውል ይሉታል። በጫፉ አትውጉ። በጎኑ ወደ ራሳችሁ እየፋቃችሁ፣ አፈሩን ስስ አድርጋችሁ አንሱ። ቀለሙ ከተቀየረ፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ ወይም ብረቱ ጠጠር የሚል ነገር ከነካ አቁሙ። የካሬው ወለል እኩል ይውረድ፤ አንዱን ጥግ ጉድጓድ አታድርጉት። የወጣው አፈር ሁሉ ወደ ወንፊት ይሄዳል። ወንፊቱ ቀላል ሥራ መስሎ የሚንቀው ሰው ብዙ ነው። ጣት የማትሞላ ስባሪ ጥርስ የምትገኘው ግን እዚያ ነው።

የካሬው ጠርዝ ላይ አትቀመጡ፤ ይናዳል። የተገኘውን ነገር ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁ፤ ቦታውን ጭምር አጋለጣችሁ ማለት ነው፣ ዘራፊም ያያል። ካልገባችሁ ጠይቁ፤ አንድ ባልዲ አፈር ከተደፋ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ዋጋ የለውም።

ማታ ራት ከመብላታችሁ በፊት ማስታወሻ ደብተራችሁን ክፈቱ። በእርሳስ፣ ከላይ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከሥሩ የካሬውን ቁጥር፣ የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ጥልቀት፣ የአፈሩን ቀለም፣ አብሯችሁ የሠራውን ሰው ስም ጻፉ። ምንም ካልተገኘ «ምንም አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ። ያም መረጃ ነው። ከዚያ ደብተሩን በደረቅ ከረጢት አድርጋችሁ፣ ከድንኳኑ በር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ነፋሱ ሌሊት ይበረታል።